የግራዝማቹ ካምቢዮ

ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ያ ባንዳ ዛሬም ጋራዥ ድረስ መጣ። ጣሊያን ግራዝማች ካለው ወዲህ መሬት የሚረግጥ አይመስለውም። የመኪናው ካምቢዮ፣ የማርሹ ሳጥን፣ ስለተሰበረ ከተቃጠለ ካሚዮን ፈትቼ ሌላ ገጥሜለታለሁ። ልኩ ስላልሆነ ወደ ኋላ አጋድሎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ ብቻ ከሆነ የፊተኞቹ ጥርሶች ይደርቃሉ። ከኋላ በክሪክ አንስቼ ልጨምርበት ስል ጮኸብኝ።

«እስከ ቀዳዳው ሙላና ዝጋ! ዘይቴን ልትጨርሰው ነው?»

ላስረዳው አፌን ስከፍት ሾፌሩን ግርማን፣ «ደብረ ሲና ወርደን የሽፍቶቹን ሚስቶች ይዘን እንመለሳለን» ሲለው ሰማሁ። እንዳለኝ ሞላሁለት። ግርማን ብቻ ለብቻው ጠርቼ፣ «ካምቢዮው ማላዘን ከጀመረ ቁልቁለቱን እንዳትጀምረው» አልኩት። ገባው።

ጣርማ በር ላይ ካምቢዮው ነክሶ ቆመ። ግራዝማች እዚያው ሲሳደብ ሲውል ሴቶቹን ሊይዝ የመምጣቱ ወሬ ቁልቁል ወረደ፤ ሴቶቹም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቆላ ሄዱ። ይህን የነገረኝ ግርማ ነው። የት እንደሚያድሩ ግን እሱም አያውቅም።

ሰውዬው አመሻሽ ላይ በሰው በቅሎ፣ አቧራ ለብሶ ተመለሰ። ካምቢዮው የነከሰው በራሱ ትእዛዝ እንደሆነ እንኳ አልጠረጠረም።

«ነገ ሌላ ካምቢዮ ግጠም» አለኝ። «በክሪክህ አንሳውና ዘይቱን እስከ አፍንጫው ጢም አድርገህ ሙላው!»

ጢም ካለ ደግሞ ሲሞቅ መዝጊያውን ገፍቶ መንገድ ላይ ይፈሳል።

«እሺ ጌታዬ» አልኩት።