ሁለተኛው ብልቃጥ

ለማልረሳህ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ ያ ብርድ የማይችለው ደረትህስ? የጅማ ዝናብ እንዳይጎዳህ እሰጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደብረ ታቦር ጾሙም ነፋሱም በርትቷል። የአፈር ምርመራ ክፍላችን በገበሬ ተጨናንቋል፤ ሁሉም አፈሩን በፌስታል ቋጥሮ ይመጣል።

አብሮን የተማረው ይሻው ሁሉንም ነገረኝ። እናትህ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ አንበሳሜ ለአንዲት ልጅ ሽማግሌ ሊልኩ ነው፤ አንተም «እንዳሉ ይሁን» ብለሃል አሉ። እንኳን ደስ ያለህ ልልህ ብዕር ባነሣ እጄ እምቢ አለኝ። እስቲ ስለ አባቴ ገብስ ላውራህ።

ዓምና በሚያዝያ አባባ የላይኛውን ማሳ አፈር ይዘው መጡ። አፈራችን አሲዳም ነው፤ ኖራ ካልተበተነበት ገብስ አያበቅልም። ደንቡ ሁለት ብልቃጥ ነው። በአንዱ አፈሩ በውኃ ተበጥብጦ የወጣው አሲድ ይለካል፤ በሁለተኛው የተደበቀውን የሚያስወጣ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ያ ፈሳሽ አልቆብን ነበር። አባባ ደግሞ «ቶሎ በይ እንጂ፣ በሬዎቼ ቆመው ዋሉ» ይሉኛል። እኔ ሞኟ በውኃው ብቻ ለክቼ «ትንሽ ኖራ ይበቃዎታል» አልኳቸው።

ደካማ አሲድ እኮ ያለውን ሁሉ አያወጣም። ጥቂቱን ለውኃው ሰጥቶ ብዙውን ይዞ ይቀመጣል። ስንቱን ሰጥቶ ስንቱን እንደሚይዝ የሚነግረን ያ ኬኤ የምንለው ቋሚ ቁጥር ነው። የወጣውን ኖራ ሲወስድበት፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ ከያዘው ሌላ ያወጣል። ውይ፣ ይህን ለፈተና አብረን ያጠናነው እኔና አንተ አይደለን! በአባቴ ማሳ ላይ ግን ረሳሁት። በነሐሴ ገብሱ ገና ሳያሸት ቢጫ ሆነ። አባባ አልተቆጡኝም፤ ማሳው ዳር ቆመው «አይ ልጄ፣ መሬቱ የሆዱን መች ነገረሽ» አሉኝ። አለቀስኩ። ለገብሱ መስሏቸው አጽናኑኝ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ «ያንቺ ኬኤ ከኮምጣጤም ያንሳል፤ ቃል አይወጣሽም» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ወደ ጅማ ስትሄድ መናኸሪያው ላይ ግን አልሳቅክም። «ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ» አልከኝ። እኔም ሻንጣህን እያየሁ «መልካም መንገድ» አልኩህ። አንተም በውኃው ብቻ ለክተህ ሄድክ። ምን ታደርግ፣ የሰጠሁህ እሱን ብቻ! ያቺን አፌን ስንቴ ረገምኳት።

ናፍቀኸኛል። ይኸው፣ ወጣ። ከባሕር ዳር አውቶቡስ በገባ ቁጥር የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ቆሜ አያለሁ፤ ሰው ሳይታዘበኝ አልቀረም። ሙቀት ካልተለወጠ ቁጥሩ አይለወጥም እያሉ ያስተምሩን ነበር። ሦስት ዓመት ሞላኝ፣ የእኔም ያው ነው።

ባለፈው ሳምንት የአባባን አፈር በሁለቱም ብልቃጥ ለካሁት። የሚያስፈልገው ኖራ ዓምና ካልኳቸው ሦስት እጥፍ ሆነ። «ይህን ሁሉ ይዞ ነበር?» ብለው ተገረሙ። «ይዞ ነበር፣ አባባ» አልኳቸው። ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ።

አባባን ታውቃቸዋለህ፣ ቅዳሜ ገበያ ቀርተው አያውቁም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያለውን ቅዳሜ ግን ከቤት እንዳይወጡ ለመንኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። «ስንት መቀመጫ ላዘጋጅ?» ብቻ አሉኝ። እስካሁን አልመለስኩላቸውም።

የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ ከክፉ ይሰውርህ፤ የምትሄድበትንም የምትመለስበትንም መንገድ ያቅናልህ።

መናኸሪያ ላይ የሸኘችህ