ብሩሽ ያስያዘሽ ሰው

ብርቱዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሆን ነው። ሺራ የመታሰቢያሽን ቀን ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች፤ እኔ ግን ወረቀቱን ሳላየውም አውቀዋለሁ።

ቤቱ እንደተውሽው ነው ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ልጃችን ሺራ ከባሏ ጋር ክርያት ሞጽኪን ከተማ ገብታለች፤ ዓርብ ከሰዓት ምግብ ይዛ ትመጣለች፣ እንዳንቺ ድስቱን ገልጣ ሳታይብኝ አትሄድም። እኔ ወደቡ ላይ የሌሊት ጥበቃውን ትቼ ወደ ጠዋት ተዛውሬአለሁ። ሳልጠይቅ ነው ያዛወሩኝ፣ አዝነውልኝ መሰለኝ። ላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን አሁንም ያልተጨመቀ ልብስ እያሰጣች በረንዳችንን ታረጥብብናለች። አንቺ ስትቆጪያት ነበር የምታቆመው፤ እኔን ከቁም ነገርም አትቆጥረኝም። የበረንዳዋ ጠረጴዛሽ ግን፣ ከነቀለሞችሽ ከነብሩሾችሽ፣ ፋሲካ እስኪያልፍ አልተነካችም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ግሪሻ ነው። ይህን ደብዳቤ ሺራም ታነበዋለች፣ ምናልባት ሌላም ሰው ያነበዋል፤ ስለዚህ አንቺ የምታውቂውን ጭምር ከመጀመሪያው ልናገር።

የሥራ ቦታሽ ደረጃ ላይ ወድቀሽ የቀኝ እጅሽ አንጓ የተሰበረ ጊዜ ስፌትሽን ተውሽ። ጣትሽ ስንደዶውን አጥብቆ መያዝ አቃተው። እጅሽን የምታሠራሽ ባለሙያ ጥቃቅን ነገር የሚያስይዝ ሥራ ፈልጊ አለችሽ፤ አንቺም መትናስ በሚሉት የሰፈራችን ማኅበራዊ ማዕከል አዳራሽ ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ተሰብስበው ትንንሽ ምስሎች የሚቀቡ ሰዎች አገኘሽ። ጠረጴዛ ላይ ለሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ የሚሆኑ ናቸው። ወታደሩም፣ ፈረሰኛውም፣ ጠንቋዩም ከአውራ ጣት አይበልጡም። ግራጫ ፕላስቲክ ሆነው ይገዛሉ፤ የገዛቸው ሰው ይቀባቸዋል። የልጅ መጫወቻ መስሎኝ ሳቅሁ፤ አንቺም አብረሽኝ ሳቅሽ።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ስትገቢ ፊትሽ ሌላ መሆን ጀመረ። ጥፍርሽ ሥር ሰማያዊ ቀለም ይዘሽ፣ ጫማሽን ሳታወልቂ ወሬ ትጀምሪያለሽ። ግሪሻ እንዲህ አለ፣ ግሪሻ ይህን አሳየኝ፣ ግሪሻ የፈረሱን ዓይን እንዴት እንደሠራው ብታይ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ከሩሲያ የመጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ መሆኑን ነግረሽኛል። በመካከላችሁ ነውር ነበረ ብዬ አላውቅም፣ አሁንም አልልም። እንደዚያ ቢሆንማ ቅናቴ ስም ይኖረው ነበር። እኔ የቀናሁት አንቺ ተደንቀሽ ስለምታወሪለት ነው። እኔ ከወደቡ ይዤልሽ የምመጣው ወሬ ስለ ኮንቴነርና ስለ ተበላሸ በር ነበር።

ታመሽ አልጋ ስትይዢም ስልክ ይደውልልሽ ነበር። ድምፅሽ እየደከመ እንኳ ስለ ቀለም ታወሪለት ነበር። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እሰማለሁ።

ሺቭዓ ላይ፣ የሐዘኑን ሰባት ቀን የተቀመጥን ጊዜ መጣ። ረጅም፣ ጎባጣ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ሰው ነው። ማንም ሳይነግረኝ እሱ መሆኑን አወቅሁ። ከዘመዶቻችን መሐል ተቀመጠ፣ የሚባለውን አይሰማም፣ ቋንቋችንን አያውቅምና፤ ከዚያ ቄሳችን ስምሽን ሲጠሩ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። ብርቱዬ፣ እኔ እስከዚያ ሰዓት አላለቀስኩም ነበር። ሰው ሁሉ እሱን ዞሮ አየ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ሐዘኔ ቀደመኝ። እንባውን እንኳ ቀናሁበት።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሺራ በረንዳው ላይ ቆማ፣ “አባ፣ ወይ ለሚፈልገው ስጥ ወይ ተቀመጥበት። እንደዚህ አቧራ ሲጠጣ አልወድም” አለችኝ። ቀለሞችሽን በካርቶን ይዤ መትናሱ ሄድኩ። ላስረክብ ነው ብዬ ለልጄ ነገርኳት። እውነቱ ግን የምትቀመጪበትን ቦታ ላየው፣ እሱንም ላየው ፈልጌ ነው።

ግሪሻ ካርቶኑን አየና አልተቀበለኝም። አጠገቡ ያለውን ወንበር ሳብ አደረገልኝ። “ቁጭ በል። የእሷ ነው” አለኝ በዕብራይስጥ። ወንበርሽን የሚሰጠኝ እሱ ሆነ። ተቀመጥኩ።

አንድ ግራጫ ወታደር ጠርሙስ ክዳን ላይ አጣብቆ ሰጠኝ፤ ምስሉን በጣት እንዳልነካው ክዳኑን እንድይዝ ነው። መጀመሪያ የፕላስቲኩን ትርፍ ጠርዝ በስለት አስፋቀኝ። ቀጥሎ ቀለም እንዲይዝ የሚነፋውን ነጭ የመሠረት ቀለም ውጭ ወስዶ ነፋበት። ከዚያ ብሩሽ አስያዘኝ። ቀለሙን በውሃ አቅጥነው፣ ስስ አድርገህ ቀባ፣ ይድረቅ፣ ደግመህ ቀባ አለኝ። እኔ ምን ታግሼ፤ ከብልቃጡ አውጥቼ እንዳለ ለጠፍኩት። የወታደሩ ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ ሁሉ ተደፈነ፤ ገንፎ የተደፋበት መሰለ።

ግሪሻ ሳቀ። “ብርቱካንም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ነው ያደረገችው። ታውቃለህ ምን አለች? ይሄ ሰውዬ ብርድ ስለሆነ ፊቱን ተሸፋፍኗል አለች” አለኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም እንደመሳቅ አልኩ። ግን አስቢው። ቀልዱ ያንቺ ነው፣ አፍሽ ነው፣ እኔ ግን የሰማሁት ከእሱ ነው። ሌላም ንገረኝ ልለው አፌ ድረስ መጣ። ዝም በልልኝ ልለውም አማረኝ።

መሄዴን ግን አልተውኩም። ቀለም ማቅጠን ተማርኩ። ውሃ የበዛበት ጥቁር ቀለም የልብሱ እጥፋት ውስጥ ሲፈስ ጥላ እንደሚሆን፣ ብሩሹን ጨርቅ ላይ አድርቆ ጫፍ ጫፉን ሲያብሱት ደግሞ ብርሃን እንደሚመስል ተማርኩ። ክርንህን ጠረጴዛው ላይ አስደግፍ ይለኛል፤ አስደግፋለሁ። ለአንቺም እንዲሁ ብሎሽ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጨዋታ ላይ ደረስኩ። ግሪሻ ሠራዊቱን ደርድሯል። ከመሐላቸው አንዲት ነጭ የለበሰች፣ በትር የያዘች ሴት አየሁ። ቀሚሷ ጫፍ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ እየተፈራረቀ የተሠራ ጥለት አለ፤ መስመሩ ከፀጉር የቀጠነ ነው። የማን እጅ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ስጠኝ አልኩት። ግሪሻ ራሱን ነቀነቀ። “ሌላ የፈለግኸውን ውሰድ። ይህችን ግን በእጇ ነው የሰጠችኝ” አለ።

በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ፤ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ለእኔ ምስል አልሰጠሽኝም። በረንዳው ላይ ስላሉ ሁሉም የእኔ ናቸው ብለሽ ይሆናል። ቢሆንም አቃጠለኝ።

በሌላ ሳምንት ተመልሼ፣ የምስሏን ነገር ትቼ፣ ጥለቱን በየትኛው ብሩሽ ሠራችው አልኩት። ግሪሻ ትከሻውን ሰበቀ። “እኔም ጠይቄአት ነበር። እቤት ሠርታ ነው ያመጣችው። ስጠይቃት ትስቃለች እንጂ አትነግረኝም። እዚህ እንደዚያ የሚያወጣ ብሩሽ የለም” አለ።

ያን ጊዜ ደረቴ ሞቀ፣ ብርቱዬ። እኔ አውቃለሁ። በረንዳው ላይ ጎንበስ ብለሽ ሳይሽ በእጅሽ የነበረው ብሩሽ አልነበረም፤ ስንደዶ ነበር። ጫፉን በጥርስሽ ነከስ አድርገሽ ቀለሙ ውስጥ ትነክሪዋለሽ። አገር ቤት ወለቃ መንደር ልጅ ሆነሽ፣ እናትሽ ለመንገደኛ የሚሸጡትን የሸክላ ምስል ሲሠሩ፣ የሴቶቹን ቀሚስ መስመር በስንደዶ የምታወጪላቸው አንቺ እንደነበርሽ ያጫወትሽኝ እኔን ነው። ግሪሻ ብሩሽ አስያዘሽ እንጂ ምስልን ያወቅሽው ከእሱ አይደለም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ አልነገርኩትም። ቀለሙን እያቀጠንኩ ዝም አልኩ፣ ዝምታውም ጣፈጠኝ።

ከዚያ ምስሏ ወደቀች። ጨዋታው መሐል የአንዱ ክንድ ነክቷት ሲሚንቶው ላይ ወድቃ የቀሚሷ ጫፍ ተላጠ፤ ከጥለቱ ሲሶው ጠፋ። ግሪሻ አንስቶ ሲይዛት ፊቱ ልክ ሺቭዓ ላይ እንደነበረው ሆነ። ተጫዋቾቹ ይቅርታ ቢሉትም አልሰማቸውም። ብዙ ቆየና ወደኔ መጣ። “እኔ ብነካው አበላሸዋለሁ። አንተ ሞክር” አለና በመዳፌ ላይ አስቀመጣት።

እቤት ይዣት ሄድኩ። አሁን እጄ ገብታለች። አልመልስም ብል ማን ይከሰኛል? ጠረጴዛሽ ላይ አቁሜያት ብዙ ቀን አየኋት። ሺራ ዓርብ መጥታ ስታያት፣ “የእማ ናት አይደል? እዚሁ ትቅር” አለችኝ። 

ከቁም ሳጥኑ የስንደዶ እስርሽን አወጣሁ። መጀመሪያ በተበላሸው ወታደሬ ላይ ሞከርኩ፣ ቀጥሎ በጠርሙስ ክዳን፣ ቀጥሎ በጥፍሬ ላይ። ቀለሙ ሲወፍር ይዘረጋል፣ ሲቀጥን ይፈሳል። እንዳንቺ ጫፉን ስነክሰው ግን መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ለሥራ የምወጣበትን ሰዓት ወደኋላ ገፋሁ፤ በተከታታይ አርፍጄ አለቃዬ ተቆጣኝ። ቀዩን ሠራሁ፣ አረንጓዴውን ሠራሁ፣ ቢጫውን ሠራሁ። የእኔ መስመር የት ጀምሮ ያንቺ የት እንዳለቀ ለሚያይ ይታወቃል፤ የእኔ ጎብጧል። ግን ተገናኝተዋል። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አብረን የሠራነው ነገር ይህ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ማስቀረት አልቻልኩም። አንቺ በእጅሽ የሰጠሽውን እኔ ብቀማው የማስቀረው ምስል እንጂ አንቺን አይደለም። ማክሰኞ ወስጄ መለስኩለት። ግሪሻ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየ፣ አገላበጠ። “በምን ሠራኸው?” አለኝ። እኔም ሳቅሁ እንጂ አልነገርኩትም።

ቅናቴ አልለቀቀኝም፤ ለቀቀኝ ብዬ ልዋሽሽም አልፈልግም። ስምሽን ሲጠራ አሁንም ይቆረቁረኛል። ነገር ግን ስላንቺ የማላውቀውን ያወቀ ሰው እሱ ነው፤ እሱን ብሸሽ ያንን ሁሉ አጣዋለሁ። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ወንበርሽ ላይ እቀመጣለሁ፣ እየቀናሁ አዳምጠዋለሁ። ሌላው ሰው በፍቅር ያስታውስሽ፤ እኔ በፍቅርም በቅናትም አስታውስሻለሁ፣ እስትንፋሴ እስካለ ድረስ።

የመታሰቢያሽ ቀን ግሪሻ መቃብርሽ ድረስ ልምጣ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ና ብዬዋለሁ። ካርሜል ላይ ያለው ዳገት ስለሚከብደው ክንዱን ይዤ አወጣዋለሁ። እንደ ልማዳችን መቃብርሽ ላይ የሚቀመጠውን የመታሰቢያ ድንጋይ ግን መጀመሪያ የማስቀምጥልሽ እኔ ነኝ፤ እሱ ከኋላዬ ይጠብቅ።

ባልሽ