ሽታው የጠፋ ጭስ

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 9 ቀን 1970

ሁለት ክፍል ኬሚስትሪ አስተማርኩ። ጠመኔ አልቋል። ከሰዓት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አሳምነው አስጠራኝ። ሴቶቹ ለሚሊሺያው ዩኒፎርም የሚሰፉበት ቤት በጄኔሬተር ጭስ ታፍኗል። ጄኔሬተሩ ከጎን ክፍል ነው፤ ጭሱ በክፍሉ መስኮት ወጥቶ ተመልሶ ይገባባቸዋል።

«ውጭ ይቀመጥ» አልኩት።

«ሊሰረቅ? አንቺ ኬሚስት አይደለሽ? ሽታውን አጥፊልን።»

ጎረቤቴ ትርፊት እዚያ ትሰፋለች። ራሷን እያመማት ነው። እሺ አልኩ...

ጥቅምት 22

ከዶዮገና የመጣ ቀርከሃ አከሰልኩ፤ በእንፋሎት አጠብኩት። ውስጡ ለዓይን በማይታይ ቀዳዳ የተሞላ ነው፤ ሽታው እዚያ ገብቶ ይቀራል። ጭሱ መጀመሪያ በውሃ፣ ከዚያ በከሰሉ በርሜል አልፎ በመስኮቱ ይወጣል። ሠራ! ከሰፊዎቹ ትንሿ ገነቴ፣ «ነጠላዬ ቤንዚን ቤንዚን ማለቱን ተወ» ብላ ሳቀች።

ለአሳምነው በግልጽ ነገርኩት። ጭሱ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከሰል አይዘውም። ሽታም ቀለምም የለውም። ይገድላል። መስኮቱ እንዳይዘጋ።

«ካልሸተተ ምኑን ፈራሽው?» ብሎ ሳቀ።

ምን ያስቃል?

ኅዳር 2

ካታሊስት ሞከርኩ። የማንጋኒዝና የመዳብ ኦክሳይድ ቅልቅል፤ ገዳዩን ጋዝ ወደማይገድል ይለውጠዋል። በደረቁ ሠራ፤ ጋዙ ሲነካው ሞቀ። የጄኔሬተሩ ጭስ ግን እርጥብ ነው። እርጥበቱ ካታሊስቱን ገደለው። ማድረቂያ ከየት ላምጣ?

ኅዳር 3

አሳምነው መስኮቱን በጡብ አስደፈነው! «ማጣሪያ አለን፤ መስኮት ለሌባ ነው» ይላል። ጮህኩበት።

«ጓዲት ጣቢታ፣ ግንባሩ ዩኒፎርም ይጠብቃል። ሕዝብ አታሸብሪ።»

ትርፊትን አትሂጂ አልኳት። «ብቀር ፀረ አብዮት ይሉኛል፣ ጣቢታዬ። ደሞ አሁን እኮ አይሸትም።»

አይሸትም... ሽታው እኮ ነበር የሚያስጠነቅቃቸው!

ኅዳር 6

ገነቴ ሞተች።

ለሌባ ተብሎ የተቆለፈውን የስፌት ቤት በር ሰብረን ሰፊዎቹን ጎትተን አወጣናቸው። ትርፊት አስመለሳት፣ ነቃች። ሌሎቹም ነቁ። ገነቴ አልነቃችም። ከንፈሯ ቀልቶ፣ የተኛች መስላ...

ኅዳር 8

ቀብር። አሳምነው «በምርት ግንባር የወደቀች ጀግና» አለ። ልቧ ደካማ ነበር አለ። ልቧ! እናቷ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሀዲይኛ ጠየቁኝ፦ «ልጄ መቼ ነው ልቧን ያመማት?» ነገርኳቸው። ምንም አላስቀረሁም።

ኅዳር 12

ስብሰባ። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። ማጣሪያው የአሻጥር ሥራ ነው እንድል።

«ማጣሪያው የታዘዘውን ሠርቷል፤ ሽታ አጥፍቷል። መስኮቱን ማን አስደፈነው?»

ትርፊት ተነሣች። «እኔም ያንኑ ነው የምጠይቀው።» ከዚያ ሌላዋ፣ ሌላዋ... አሳምነው ተቀመጡ እያለ ይጮሃል። ጥለውት ወጡ። ጄኔሬተሩን ከስፌት ቤቱ ተሸክመው ግቢው መሀል አስቀመጡት።

ዳምቦያ፣ ታኅሣሥ 5

ተዛወርኩ። «ለሥራው ጥቅም» ተባለ። የማን ጥቅም? ትርፊት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ጄኔሬተሩን ሴቶቹ በተራ ይጠብቁታል አለችኝ። አሳምነው ግን ከወንበሩ አልተነቃነቀም።

ዛሬ የመጀመሪያ ትምህርቴ ነበር፤ ስለ ጋዞች። ሞኖክሳይድ ላይ ስደርስ የገነቴን ታሪክ ነገርኳቸው። አንዷ ልጅ እጇን አወጣች።

«ማንም አልተጠየቀበትም?»

ዳይሬክተሩ ክፍቱ በር ላይ ቆሟል። ድምፄን ግን ዝቅ አላደረግኩም።

«አልተጠየቀም» አልኳት። «ሰውዬው አሳምነው ይባላል።»