የብርቄ ጣትና የደምሴ እግር

ማክሰኞ፣ የካቲት 7 ቀን 1981

«አይሰፉት» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

የጎረቤቴ የወርቅነሽ ልጅ ብርቄ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የግቢውን የቆርቆሮ በር ወርውሮ ዘጋባትና የመሀል ጣቷ ጫፍ ከጥፍሩ አጋማሽ ተቆርጦ ቀረ። እናቷ አዘለቻት፣ እኔ እጇን ወደ ላይ ይዤ፣ ቁልቁለቱን ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥን። የወልዲያ መንገድ በጦርነቱ ከተዘጋ ወዲህ እዚያ የቀሩት ድሬሰሩ አቶ ሰይድ ብቻ ናቸው። ቁስሉን አጥበው አዩና፣ አጥንቱን ትንሽ አሳጥረው ቆዳውን ስበው ሊሰፉት ተነሡ። ማደንዘዣ ካለቀ ቆይቷል። «ጠበቅ አድርጋችሁ ያዟት» አሉን።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ መምህራችን ክፍል ውስጥ በጨረፍታ ነግረውን ነበር፤ የትንሽ ልጅ ጣት ጫፉ ብቻ ከተቆረጠና የጥፍሩ ሥር ካልተነካ፣ ሳይሰፋ በንጽሕና ሲያዝ መልሶ ይበቅላል። ሥጋውም፣ ቆዳውም፣ ጥፍሩም። ከተሰፋ ግን እንደተሰፋ ይቀራል።

አቶ ሰይድ ትክ ብለው አዩኝ። «በዓይንሽ አይተሻል?»

«አላየሁም። ስማር ሰምቼ ነው።»

መርፌውን አስቀመጡት። «ቢያመረቅዝ ጫፉን ብቻ አይደለም የምቆርጠው» አሉ። ወርቅነሽ ደግሞ ወደ እኔ ዞራ «እንግዲህ ቲቸር፣ አንቺ ካልሽ» አለች።

እስከ ዛሬ ያስተማርኩት ለፈተና የሚሆን ነገር ነበር። ብሳሳት ቀይ እስክሪብቶ ነው። አሁን የሰው ልጅ ጣት ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 8

ብርቄን ጠዋት አጠብኳት። የፈላ ውኃ በጨው፣ ቫዝሊን፣ ከዚያ የተቀቀለ ጨርቅ። ፋሻ ስለሌለ አሮጌ አንሶላዬን ቀደድኩት። ልጅቷ ጮኸች፤ ነከሰችኝም። አባቷ ካሳው ለቱሪስት የሚሸጥ የእንጨት መስቀል ጠራቢ ነው። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ቤት ስለሚውል እሱ ያዘልኝ።

ለምን እንዳይሰፋ እንዳልኩ ለወርቅነሽ ደግሜ ሳስረዳት፣ ወንድሜ ደምሴ ከመኝታው ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። የእኛና የእነ ወርቅነሽ ቤት የጋራ ግድግዳ ምንም አይደብቅም። ማታ እራት ሳቀርብለት «እታለም፣ ጣት ከበቀለ እግርስ?» አለኝ።

ለብዙ ቀን ከ«እሺ» እና «አልፈልግም» ሌላ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ብሔራዊ ውትድርና ወስዶት፣ ሰሜን ግንባር ፈንጂ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች አሳጣው። አዲስ አበባ ለሰው ሠራሽ እግር ወረፋ ይዞ፣ ተራው እስኪደርስ ገናን ከእኔ ጋር ሊውል መጣ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ አውሮፕላኑም ቀረ። ቤታችን ገደል አፋፍ ላይ ነው። መውጫው ከድንጋይ የተፈለፈለ ደረጃ ነው፤ ምርኩዙ ያንሸራትተዋል። የጥምቀት ዕለት ከወደቀ ወዲህ በሩን አላለፈም።

ስለዚህ ሲያወራኝ ደስ አለኝና እኔም አወራሁ። እንሽላሊት ጅራቷን ጥላ ሌላ ታበቅላለች። በእኛ አገር የሌለ ሳላማንደር የሚባል፣ እንሽላሊት የሚመስል የውኃ እንስሳ ደግሞ አለ፤ እግሩ ሲቆረጥ እግር ያበቅላል። ቁስሉ ላይ ስስ ቆዳ ይለብስበታል፤ ከሥሩ ያሉት ሴሎች ወደ ልጅነታቸው ተመልሰው ይከማቻሉ፤ ከዚያ ክምር አጥንቱ፣ ጡንቻው፣ ነርቩ፣ ጣቶቹ ሳይቀሩ እንደገና ይሠራሉ። ሳይንቲስቶች ምስጢሩን እየፈለጉ ነው፤ ከተገኘ አንድ ቀን ለሰውም ይሆናል አልኩት።

«አንድ ቀን» የምትለዋን በደንብ ጮክ ብዬ የተናገርኳት አይመስለኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 9

ክፍል ውስጥ የነበሩት ጥቂት ሴቶች ብቻ ናቸው። ወንዶቹ ለውትድርና እንዳይታፈሱ ተበትነዋል። ከሙጃ የመጣ ነጋዴ መንገዱ ላይ ፈንጂ ተቀብሯል ብሏል። ቀበሌው የሰዓት እላፊውን ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት አወረደው። ከክፍሌ መስኮት የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይታያል። ስመደብ እንዴት ያምራል ብዬ ነበር። አሁን መጋረጃውን ዘግቼ አስተምራለሁ።

ደምሴ ሲመሽ ጠየቀኝ። «የእኔን ሰፍተውታል አይደል?»

«ሰፍተውታል። ባይሰፉት ደምህ ፈሶ አልቀህ ነበር።»

ምሳውን ሳይነካው ነው ያገኘሁት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 11

ከገበያ ስመለስ ደምሴ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ጨርቅ አንጥፏል። በእጁ የጺም ምላጭ። የእግሩን ጠባሳ ከዳር እስከ ዳር ከፍቶታል። ደሙ ጨርቁን አልፎ መሬቱን አርሶታል።

«ዘግተውብኝ ነው» አለኝ። ድምፁ እንደ ደህና ሰው ነው። «ከተሰፋ እንደተሰፋ ይቀራል ብለሻል።»

ለወርቅነሽ ያልኩትን ነው። ቃል በቃል።

ካሳውን ጮኼ ጠራሁት። እሱ ቁስሉን በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘ፤ እኔ አቶ ሰይድን ፍለጋ ሮጥኩ። ምግብ ላይ ነበሩ፤ እጃቸውን ሳይታጠቡ ተነሥተው ቤት መጥተው ታጠቡ። ያለ ማደንዘዣ ሰፉት። ደምሴ ድምፅ አላሰማም፤ የካሳውን ክንድ ግን ሲለቀው ክንዱ በልዟል።

አቶ ሰይድ ሲወጡ በር ላይ ቆሙ። «ምን ብለሽው ነው?» ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «በይ አሁን የቀረውን ንገሪው» ብቻ ብለው ወረዱ።

እሑድ፣ የካቲት 12

የቀረውን ነገርኩት።

የአዋቂ ሰው እግር አይበቅልም። ሰውነታችን ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚያስበው መዝጋት ነው፤ ደም እንዳይፈስ፣ ቆሻሻ እንዳይገባ። ስለዚህ ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳ የሠራበት ቦታ ደግሞ ሌላ ነገር አያበቅልም። መልሶ ብትከፍተው ያንኑ ጠባሳ ነው የሚሠራልህ። ሐኪሞቹ አልበደሉህም። ለእኛ የተተወችልን የጣት ጫፍ ብቻ ናት፤ እሷም ለልጆች። እግርን የሚያበቅል መድኃኒት ይገኝ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ቢገኝም በእኔና በአንተ ዕድሜ አይመስለኝም።

«ታዲያ ለምን ጀመርሽው?» አለኝ።

«ስላወራኸኝ ነው» አልኩት። እውነቱ ይኸው ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 14

ትኩሳት ያዘው። ስፌቱ ዙሪያ ቀልቷል፤ ሲነኩት ያቃጥላል። አቶ ሰይድ ከቀረችው ፔኒሲሊን ጠዋትና ማታ ይወጉታል። ስንት ጠርሙስ እንደቀረ ጠየቅኳቸው። «አትጠይቂኝ» አሉ።

የብርቄ ጣት ደግሞ ይሸታል። ጫፉ ላይ ቀይ ሥጋ እንደ እንጆሪ አብጦ ወጥቷል። አቶ ሰይድ አሽትተው፣ መግል እንዳልሆነ፣ ተሸፍኖ የከረመ ቁስል እንዲህ እንደሚሸት ነገሩኝ። ወርቅነሽ «ደህና ነው?» አለችኝ። ደህና ነው አልኳት።

ሁለቱም በእኔ አፍ ነው እዚህ የደረሱት። ሁለቱም ቢበላሹ መሄጃ የለኝም። መንገድ ቢኖርም መሄጃ የለኝም።

የወርቅነሽ አባት መምሬ ጠበል ይዘው መጡ። ቁስሉ ላይ እንዳያፈሱት ፈርቼ ስንተባተብ ገባቸው። «ልጄ፣ እሱን ላንቺ ትተናል፤ እኔ ራሷን ብቻ ልርጫት» አሉኝ። ብርቄን ረጭተው ወደ ደምሴም ገቡ። እምቢ ይላል ስል ራሱን ቀና አደረገላቸው።

ዓርብ፣ የካቲት 17

ትኩሳቱ ወርዷል። አጥሚት ጠጣ፤ ጨውም አንሶታል ብሎ ተቆጣኝ። ቁጣውን እንደ ምርቃት ተቀበልኩት።

ካሳው በየቀኑ ይመጣል። ብዙም አያወራም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ እንጨት ይልጋል፤ ፍቅፋቂውን ጠርጎ ይሄዳል።

ሰኞ፣ መጋቢት 4

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። ፈርቼ ነበር።

የብርቄ ጣት ጫፉ ክብ እየሆነ ነው። ቀዩ ሥጋ ጎድሎ ስስ ሮዝ ቆዳ ከዳር ወደ መሀል እየተሳበ ለበሰው። የተቆረጠው ጥፍርም ከሥሩ እየገፋ ነው። አቶ ሰይድ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። «እኔ ብሰፋው ይኸኔ ጉማጅ ነበር» አሉ። ከዚያ ጣቷን ሲይዙ እንደ እንቁላል ነው የያዙት።

ደምሴ ግን ማየት አልፈለገም። «ለእናቷ አሳዩ» ይላል።

ዛሬ ብርቄ ራሷ ገባችበት። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ በመጋረጃው በኩል ይሰማኛል።

«ጋሼ ደምሴ፣ እይማ፣ በቀለልኝ።»

«አሳዪኝ» አለ። «ያምሻል?»

«አያመኝም፤ ያሳክከኛል። የአንተስ መቼ ይበቅላል?»

ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላ አስቀመጥኩ።

«የእኔ አይበቅልም» አላት።

«ለምን?»

«እኔ ትልቅ ነኛ። የሚበቅለው የትንንሾች ነው።»

«ውይ» አለች። ከዚያ ሌላ ጨዋታ ጀመረችው፤ ስለ አንድ ውሻ። እሱም ይጠይቃታል። እኔ ሽንኩርቱን ምክንያት አድርጌ አለቀስኩ። «አይበቅልም» የሚለው ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

ማታ ካሳው ሲመጣ ደምሴ «ወይራ አለህ?» ብሎ ጠየቀው። ካሳው ለምን አላለውም። ተንበርክኮ የጎደለውን እግር በስንዝር ለካው።

ሰኞ፣ መጋቢት 25

የመጀመሪያው የወይራ እግር ረዘመበትና ወደ ግራ ጣለው። ሁለተኛው ተሰነጠቀ። ደምሴ ወርውሮት የድስት ክዳን ጎበጠ። ካሳው ክዳኑን አቅንቶ ሰጠኝና ስንጣሪውን ሰብስቦ ሄደ። ነገ ይመጣል። ከፈረንጅ ጋር ዋጋ ስከራከር ከመክረም ይሄ ይሻለኛል ይላል፤ ሆን ብሎ ደምሴን ሊያስቀው ነው።

ወሬው አሁንም መጥፎ ነው። ጦሩ ለቆ ሊወጣ ነው የሚል አለ፤ ሌላ ጦር ይመጣል የሚል አለ። መንገዱ ዝግ ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 7

የብርቄ ጥፍር ጫፍ ደርሷል። ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ጣቷም ከወዲያኛው እጇ ጣት በስንዴ ፍሬ ያህል ያጥራል። በብርሃን ሳየው የጣት አሻራ መስመሮች አሉበት። ለቅዳሜ ማካካሻ ትምህርት ክፍል ሄጄ ለሴቶቹ ስለዚሁ አስተማርኳቸው። የምናውቀውን ነገርኳቸው፤ የማናውቀውን ደግሞ ረዘም አድርጌ ነገርኳቸው።

ስመለስ ደምሴ ቤት የለም። አልጋው ላይ ብርድ ልብሱ ታጥፏል። ሦስተኛው እግር የለም፤ ምርኩዙም የለም። ደረጃውን አየሁት፤ ደም የለም። ካሳው ቤት ሮጥኩ። ካሳው ተኝቷል። ወርቅነሽ «ወደ ገበያው ሲወርድ አየሁት፤ ልከተልህ ብለው ተቆጣኝ» አለች።

ብከተለው ይጠላኛል፤ ባልከተለው ይወድቃል፤ በዚያ ላይ ሰዓት እላፊው ደርሶ የቀበሌ ጥበቃ ቢይዘው ምን ይላል እያልኩ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ተነሣሁ። ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ዘወር ስትል ከታች ብቅ አለ። በቂጡ እየተንፏቀቀ ነበር፤ ካየኝ በኋላ ግን ተነሥቶ ቆመ። ሱሪው አቧራ ብቻ ነው፤ ክንዱ ተፍቋል። የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች ቆሞ ወጣቸው። እጄን አልዘረጋሁለትም፤ ከባድ ነበር።

አጠገቤ ተቀምጦ ማሰሪያውን ፈታ። ጉልበቱ ተልጧል፤ የተሰፋበት ጠባሳ ግን ደህና ነው። ውኃ አመጣሁለት።

«ሁለት ጊዜ ወደቅኩ» አለኝ። «አንዱ ሰው ሊያነሣኝ መጥቶ እሱም ወደቀ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ማቆም አቃተኝ።

ቁስሉ እስኪሽር ነገ እንዳይወጣ ነገርኩት። እሺ አላለኝም።