ያለ መዝሙር ማሸነፍ

ወልቂጤ፣ መስከረም 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ከተማው ጭር ብሏል። ሰዉ ሁሉ ለመስቀል አገሩ ገብቷል፤ የቀረሁት እኔ ከደሴ የመጣሁት አስተማሪ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የቪዲዮ ጌም ቤቱ ባለቤት ጌታቸውም ትናንት ወደ እምድብር ሄደ። ሲሄድ ቁልፉን ሰጠኝ።

«በል መምህር፣ አሁን መዝሙር የለም። ማሸነፍህን እናያለን!» አለኝ እየሳቀ።

ዓመት ሙሉ ስጨቀጭቀው ነው የከረምኩት። ኳስ ስንጋጠም የጌሙን ድምፅ አጥፍቶ የመዝሙር ካሴት ይከፍታል። እሱ እየዘመረ ያገባብኛል፤ የእኔን እጅ ግን ዜማው ያዘገየዋል። በተሸነፍኩ ቁጥር «ካሴትህ ነው!» እላለሁ። እሱም «ጸልይ» ብሎኝ ይስቃል።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ቤቱን ከፈትኩና በጸጥታ ከማሽኑ ጋር ተጫወትኩ። አምስት ለዜሮ አሸነፍኩ። እውነቴን ነበር! «አየህ!» ብዬ ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ደግሜ ተጫወትኩ፣ ደግሜ አሸነፍኩ። ምንም ደስ አላለኝም።

ካሴቱን ከቴሌቪዥኑ ሥር አገኘሁት። የቸርቻቸው መዘምራን ራሳቸው የቀዱት ነው። የጌታቸው ጎርናና ድምፅ ከሁሉም ጎልቶ ይሰማል፤ እስከ ዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም። ከፈትኩትና ሌላ ጨዋታ ጀመርኩ። እጄ እንደ ልማዱ ዘገየ። ሦስት ለአንድ ተሸነፍኩ።

ካሴቱ ሲያልቅ ገልብጬው ቀጠልኩ።