በግድግዳዎ ውስጥ ስለሚጾሙት ዓሦች

ለተከበሩ ለባላምባራስ ብርሃነ መስቀል፣ ለሰፈራችን ዳኛ
አንኮበር፣ መጋቢት ፳ ቀን ፲፰፻፸፮ ዓመተ ምሕረት

እንዴት ሰነበቱ? ቤተ ሰብዎ፣ ፈረሶችዎና የተረፉት ሁለት ዓሦችዎ እንዴት ሰነበቱ? እኛ ከአባቴ መታሰርና ካልታረሰው መሬታችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

እኔ የግንበኛው የወልደ ሰንበት ልጅ ወለተሐና ነኝ። ለዓሦችዎ ውሃ ተሸክሜ በየቀኑ እልፍኝዎ ስለምገባ መልኬን ሳያዩት አይቀሩም፤ ድምፄን ግን ሰምተውት አያውቁም። ሰው ፊት ስቆም ቃል ስለሚጠፋኝ፣ አጎቴ መዝሙረ ዳዊት እስክደግም ድረስ ባስተማረኝ ፊደል ይህን ጻፍኩ፤ መርጌታ ገብረ ጻድቅም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ለሕዝቡ ሊያነቡልኝ እሺ ብለዋል። ለእርስዎ ብቻ ልልከው አስቤ ነበር፤ ደግነትዎን ብቻዬን ማወቄ ግን ንፉግነት መሰለኝ።

አንደኛ፣ ስለ ጥበብዎ አመሰግናለሁ። እንግዳዎ የነበረው ፈረንጅ፣ በአገሩ ባለጠጎች ዓሣን ከመስተዋት ጀርባ በግድግዳ ውስጥ እንደሚያኖሩ በነገረዎ ጊዜ፣ የአልዩ አምባው ነጋዴ አብዱልጀሊል ከታጁራ ወደብ በግመል ያስመጣውን መስተዋት ገዝተው፣ በእልፍኝዎና በመኝታ ቤትዎ መካከል ያለውን የጭቃ ግድግዳ ቦርቡሮ ገንዳ እንዲያበጅበት አባቴን አዘዙት። አባቴ ሦስት ጊዜ እጅ ነሥቶ፣ ጭቃ የሚቆመው ውሃው ሲለቀው ነው፣ ውሃው ከተመለሰበት እሱም ወደ መሬቱ ይመለሳል ብሎ ለመነዎ። እርስዎም «በፈረንጅ አገር ቆሟል» አሉት። እውነትዎን ነው፤ ጥፋቱ ቤቱን አንኮበር ላይ የሠሩት የአያትዎ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሃይማኖትዎ። በቤትዎ ጾም የሚሽር ፍጡር እንዳይገኝ ብለው፣ ከአይራራ ወንዝ የተያዙት ሰባት ዓሦች በዚህ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም እንዳይቀምሱ፣ ትልም ሥጋ ነውና ከዚያ በኋላ የባቄላ ንፍሮ ብቻ እንዲጣልላቸው አዘዙ። እማማ አልታየች ይህን ምንጭ ላይ ሲሰሙ እንስራቸውን አስቀምጠው፣ «እንግዲያው የንስሐ አባት ያዙላቸዋ!» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፣ ዓሦቹ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ ከብዙዎቻችን ይልቅ ጸንተው ነበርና። አምስቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ አዙረው ሲገኙ፣ ያልበሉት ንፍሮ ሸቶ ውሃው ላይ ሰፍፎ ነበር። እርስዎም ንፍሮውን አይተው፣ «የወልደ ሰንበት ጭቃ መርዟቸዋል» ብለው ፈረዱ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍርድዎ። ከሳሹም ዳኛውም አሳሪውም እርስዎ ስለሆኑ ነገሩ በአንድ ጠዋት አለቀ፤ ሌላ ሰፈር ይህን ለመፈጸም ሦስት ሰው ያደክማሉ። ግድግዳው ገንዳው ከተሞላ ወዲህ የጀመረውን ማንጠባጠብ እስኪተው ድረስ አባቴ ታስሮ ይቆይ፣ እጁ ግን መርዘኛ ነውና ግድግዳውን እንዳይነካ ተባለ። እንግዲህ ግድግዳው በራሱ ጊዜ ተጸጽቶ እስኪደርቅ እየጠበቅን ነው፤ የሚያንጠባጥበውንም ለመተካት እኔ በቀን ስምንት እንስራ እሞላበታለሁ።

በልማዳችን ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይቆራኛል። እርስዎ ጊዜ ስለሌለዎ አሽከርዎን ይርጋለምን በእርስዎ ፋንታ አሰሩት። ይርጋለም መልካም ሰው ነው፤ አሥራ ሁለት ቀን ቤታችን ከእኛ ጋር በልቷል፣ ሌሊትም ሲገላበጥ አባቴን ይዞት ይገላበጣል። «መስተዋት አልገዛሁ፣ ዓሣ አላሳደግሁ፣ እኔ ምን አድርጌ ነው?» ሲል አባቴን ይጠይቀዋል፤ አባቴም እንጀራውን ያካፍለዋል።

የበልግ ዝናብ ከጀመረ ሳምንት ሆነው። ሁለቱ እንደተቆራኙ ለማረስ አንድ ቀን ሞክረው ነበር፤ በሬዎቹ ቆመው አዩዋቸው። ገብሱ በዚህ ሳምንት ካልተዘራ ዘንድሮ የምንበላው የለንም። ያን ጊዜ እኛም እንደ ዓሦችዎ እንጾማለን፤ ንፍሮ የሚጥልልን ግን አይኖርም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ወይ እንደ ልማዱ እርስዎ ራስዎ ከአባቴ ጋር ተቆራኝተው እርፉን አብረውት ይያዙ፣ ወይ ሁለቱንም ይፍቱ።

ከምንጭ እስከ እልፍኝዎ የምመላለስ፣ እርስዎ ቢታመሙ አባቴን የሚፈታው ስለማይኖር ጤናዎን ከልቤ የምመኝ ታዛዥዎ፣
ወለተሐና ወልደ ሰንበት

ሳልጽፈው የቀረ፦ የጠየቀኝ ስለሌለ አልተናገርኩም እንጂ፣ ግድግዳው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በመኝታ ቤትዎ በኩል፣ ልክ በራስጌዎ ላይ፣ አብጧል። ዛሬ ጠዋት ብለካው አንድ ስንዝር ሆኗል። ድጋፉ የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነው፤ እጁ ግን መርዘኛ ነው ብለዋል። እኔ ነገም እንደታዘዝኩት ስምንቱን እንስራ እሞላለሁ።