አዲሱ አስፋልት

ሐሙስ፣ ማርች 6
ልብስ አጠብኩ። ከሰዓት ባሌ ኮይ የመኪና መወዳደሪያውን እንይ ብሎ ወሰደኝ። አሮጌውን አስፋልት ልጠው አዲስ አልብሰውታል፤ ጥቁር፣ ዘይት ዘይት የሚሸት። ኮይ አጥሩን ተደግፎ ዓይኑን ከአስፋልቱ አልነቀለም። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ እዚህ ነው የነዳው። የድሮው አስፋልት ጎማ ይበላ ነበር። ሌሎቹ ቸኩለው ጎማቸውን ሲጨርሱ፣ እሱ ቆጥቦ መጨረሻ ላይ ያልፋቸዋል። አሁንስ? ጎማ የማይበላ ከሆነ ትዕግሥት ምን ያደርጋል?
"ምነው፣ ሬሳ ያየህ መሰልክ?"
"ተይኝ እስቲ።"

ቅዳሜ፣ ማርች 22
ልምምድ። እንደ ወትሮዬ ማማው ላይ ሆኜ፣ ማን ከጎኑ እንዳለ ለኮይ በሬዲዮ እነግረዋለሁ። ፍጥነታቸው ከድሮው በላይ ነው። ሁሉም የታችኛውን፣ የውስጠኛውን መስመር ይዘው ተከታትለው ይሄዳሉ፣ መተላለፍ የለም። ኮይ ላይኛውን፣ ግንቡ ሥር ያለውን፣ ሊሞክር ወጣ፤ መኪናው ከዳው። ግንቡን መታ።
"ኮይ! ኮይ፣ ትሰማኛለህ?"
ደጋግሜ ጠራሁት። ከዚያ ሲያስል ሰማሁ። ተመስገን።

እሑድ፣ ማርች 23
የጎድን አጥንቱ ተሰንጥቋል። ከቤተ ክርስቲያን ቀረን። "የድሮው አስፋልት ሊከዳ ሲል መጀመሪያ ያንሸራትታል፣ ይታወቃል" አለኝ አልጋው ላይ። "ይኼ ግን አጥብቆ ይይዝና ድንገት ይለቃል።"
ተው ልበለው? ሊሰማኝ...

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26
የአጎቱ ልጅ ዴልበርት መኪናውን አቃናለት፤ ኮይም ተወዳደረ። ከኋለኞቹ ጋር ጨረሰ። ብሪስ የሚባል ጎረምሳ ተወዳዳሪ፣ "ጋሼ፣ እግርዎን ቤት ረስተውት ነው የመጡት?" አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኮይም ሳቀ። ራት ግን አልበላም።

ዓርብ፣ ጁን 27
ነገ ትልቁ ውድድር። ሁለት ብርጭቆ ሰበርኩ።

እሑድ፣ ጁን 29
ትናንት... እስቲ ልጻፈው።
አስፋልቱ በፀሐይ ደብዝዟል። ከኛ በፊት ሌሎች መኪኖች ተወዳድረው ነበር፤ ከማማው ሳየው ላይኛው መስመር የጎማ ጥቁረት ይዟል። ጎማ የጠጣ አስፋልት መኪና ይይዛል ይላሉ። ኮይ አምስተኛ ነው፣ ከብሪስ ኋላ መንገዱ ተዘግቶበታል።
"ኮይ፣ ላይኛው ጠቁሯል። ውጣ።"
አጥንቱን ያሰነጠቀው እዚያው ነው። ምን ነክቶኝ ነው?
"እርግጠኛ ነሽ?"
ሁልጊዜ "ማን እንዳለ ብቻ ንገሪኝ" ነበር የሚለኝ። አንድም ቀን እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።
አልነበርኩም። "እርግጠኛ ነኝ" አልኩ።
ወጣ። ግንቡን ሊልስ ምንም አልቀረውም... ዓይኔን ልጨፍን? ዓይኑ እኔ ነኝ፣ እንዴት እጨፍናለሁ? መንገዱ ያዘው! ብሪስን አለፈው። ሌላም። ሦስተኛ ወጣ።
ከመኪናው ሲወርድ ጎኑን ይዞ፣ "ምን ያህል እርግጠኛ ነበርሽ?"
"ምንም።"
ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ሳቅ በሳቅ። "አንቺ ሴትዮ ትገይኛለሽ!" ዴልበርት የተጠበሰ ቦሎኛ ቋሊማ በዳቦ ይዞ መጣ፤ ኮይ ሁለት በላ። እኔ ግን አንድም አልቀመስኩም።
እስከ ትናንት የምፈራው የሱን ድፍረት ነበር። አሁን የገዛ አፌን ነው።
ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመወዳደሪያውን ዘበኛ ለምኜ ገባሁ። ላይኛውን መስመር በእግሬ ዞርኩት፣ ጎንበስ እያልኩ በመዳፌ እየዳሰስኩ። በሚቀጥለው ሲጠይቀኝ አልዋሸውም።